ቀን ወይስ ማታ? የጓሮ በር ዲግሪ ታሪክ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን «ሲቪዬን እዩልኝ» ብሎ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሊያመለክት ነው፤ ቀኑ የሚያልፈው ደግሞ በማግሥቱ ነው። እንደ ልማዳችን ማኪያቶአችንን አዘን ጠረጴዛውን ከበብነው። ስሙ ደህና ነው። የሥራ ልምዱ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይበልጣል። «ትምህርት» ከሚለው ርዕስ ሥር ስንደርስ ግን ጓደኛችን ዝም አለ። ጣቱ አንዲት ቃል ላይ ቆሟል። ቃሏ «ኤክስቴንሽን» ነበረች።

«ላጥፋት ወይስ ትቀመጥ?» አለን።

አንዱ ወዳጃችን «ምን ያስጨንቅሃል፣ አጥፋት! ዲግሪ ዲግሪ ነው» አለው። አንዷ «ቆይ፣ ኢንተርቪው ላይ ቢጠይቁትስ? ደበቀ አይሉትም?» አለች። ሦስተኛው ደግሞ «ምን ያሳፍራል? ቀን እየሠራ ማታ የተማረ ሰው እንዲያውም ደረቱን መንፋት አለበት» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ራሱ የተማረው በቀን እንደነበር ለአንባቢ መጠቆም ደግ ነው። ደረት መንፋት ለሌላ ሰው ሲታዘዝ ቀላል ነው።

ያን ቀን ክርክሩ አልተቋጨም። «ሬጉላር ነህ ኤክስቴንሽን?» የምትለዋ ጥያቄ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፤ በሠርግ ሽምግልና ላይ ሳይቀር ትነሣለች። የኛ አገር አመል ትመስለን ነበር። ወደ ኋላ ሄደን ስናገላብጥ ግን ጥያቄዋ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት፣ ብዙ ባሕር የተሻገረች፣ ስመ ጥር ሰዎችን ያስቆጨች ጥያቄ ሆና አገኘናት። እስቲ ከመነሻዋ እንከተላት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማስተማሪያ ክፍል ያልነበረው ዩኒቨርሲቲ

የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1836 ሲቋቋም ዛሬ «ዩኒቨርሲቲ» ስንል የሚታየን ነገር አልነበረም። መምህር የለውም፣ የመማሪያ ክፍል የለውም። ሥራው መፈተንና ዲግሪ መስጠት ብቻ ነበር። ማስተማሩ የኮሌጆቹ ፋንታ ነው። በ1858 ደግሞ አዲስ ቻርተር ወጣና አንድ ትልቅ ነገር ተፈቀደ፦ ከሕክምና በስተቀር በሌሎቹ ዘርፎች፣ ተፈታኙ የትም ኮሌጅ ባይማር፣ ከማንም ባይማር፣ ክፍያውን ከፍሎ ፈተናውን ካለፈ ዲግሪውን ያገኛል። የት እንደተማርክ ሳይሆን ምን እንደምታውቅ ነው የሚጠየቀው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1878፣ ይኸው በር ለሴቶችም ተከፈተ። በብሪታንያ ከዚያ በፊት ዲግሪዎቹን ለሴቶች የከፈተ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም።

በዚህ በር ከገቡት አንዱን ብዙዎቻችን በፊልም እናውቀዋለን። ኤች. ጂ. ዌልስ ይባላል፤ «ታይም ማሽን»ን እና «ዋር ኦፍ ዘ ወርልድስ»ን የጻፈው ሰው ነው። በልጅነቱ ጨርቅ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። በኋላ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን ውስጥ ሳይንስ መማር ጀመረ፤ በ1887 ግን የመጨረሻ ፈተናውን ወድቆ ያለ ዲግሪ ወጣ። ከዚያ እያስተማረ፣ እየታመመ፣ በራሱ እያጠና ቆየና በ1890 የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ከውጭ ተቀምጦ በእንስሳት ሳይንስ ቢ.ኤስ.ሲ.ውን ያዘ። ዲግሪው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው፤ ሌላ ቅጽል የለውም።

ቅጽሉ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1898 በወጣ ሕግ መሠረት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1900 ጀምሮ የሚያስተምርም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያኔ ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፈሉ፦ «ኢንተርናል» እና «ኤክስተርናል»፤ የውስጥ እና የውጭ። ልብ በሉ፣ ከዚያ በፊት «ውጭ» የሚባል ነገር ስም አላስፈለገውም ነበር፤ «ውስጥ» የሚባል ነገር አልነበረማ! የውጭ ተማሪ ስም የወጣለት የውስጥ ተማሪ ሲመጣ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንፈልጋታለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይኸው የለንደን ዲግሪ ወደ ኛ ሰፈርም ተጠጋ። ካርቱም፣ ማከሬሬ፣ ኢባዳን እና ሌጎን የነበሩት ኮሌጆች ከለንደን ጋር በልዩ ግንኙነት ተሳስረው ተማሪዎቻቸው የለንደንን ዲግሪ ይወስዱ ነበር። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዚያ መንገድ አልሄደም፤ ዲግሪውን የሰጠው በራሱ ስም ነው። ስለዚህ «ውጭ» የምትለዋ ቃል እኛ ዘንድ በለንደን በኩል አልደረሰችም። እኛ ዘንድ የደረሰችው «ኤክስቴንሽን» ናት፤ የእሷ ታሪክ ደግሞ ሌላ ቦታ ያደርሰናል።

ትምህርቱ ካምብሪጅ፣ ዲግሪው ደብሊን

ከዚያ በፊት ግን አንድ አጭር መንገድ እንዙር። የሚቀጥሉት ሰዎች የማታ ተማሪዎች አይደሉም። ነገር ግን «ዲግሪዬን ምን ብዬ ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ከማንም በላይ ያስቸገራቸው እነሱ ናቸው።

ካምብሪጅ ከ1881 ጀምሮ ሴቶች ከወንዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና እንዲቀመጡ ፈቅዷል። ውጤታቸውም ይነገራል። ዲግሪ ግን አይሰጣቸውም። በ1890 ፊሊፓ ፎሴት የምትባል ተማሪ በሒሳብ ፈተና ከወንዶቹ አንደኛ በላይ ሆነች። ውጤቱ ሲነበብ ስሟ የተጠራው «ከአንደኛው በላይ» ተብሎ ነው፤ አንደኛነቱ ለወንድ የተቀመጠ ማዕረግ ስለነበር አንደኛ ማለት አልተቻለማ! ዲግሪ አግኝታ ይሆን? አላገኘችም። በ1897 ነገሩ ለድምፅ ሲቀርብ ተቃዋሚዎች ብስክሌት ላይ የተቀመጠች የሴት አሻንጉሊት አደባባይ ላይ ሰቅለው ነበር፤ ሐሳቡም በከፍተኛ ድምፅ ወደቀ።

ታዲያ ምን ተደረገ? ከ1904 እስከ 1907 ድረስ የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ተምረው ፈተናቸውን ላለፉ ሴቶች በራሱ ስም ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ሴቶቹ በእንፋሎት መርከብ ባሕሩን ተሻግረው ደብሊን ይሄዳሉ፣ ዲግሪያቸውን ይቀበላሉ፣ ይመለሳሉ። «የእንፋሎት መርከብ እመቤቶች» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ቁጥራቸው በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ሰው «የት ተማርሽ?» ሲላት «ካምብሪጅ» ትላለች፤ «ዲግሪሽ የት ነው?» ሲላት «ደብሊን» ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው። ካምብሪጅ በ1921 ወረቀቱን ሰጥቶ የዩኒቨርሲቲው ሙሉ አባልነት የሌለበት የማዕረግ ዲግሪ ፈቀደላቸው። ሙሉ ዲግሪ የሰጣቸው በ1948 ነው።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሴቶች ዕውቀታቸው ተፈትኖ አልፏል፤ ፈታኙም አልካደም። የተከለከሉት ስም ነው። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ላይ የተጻፈ ስም ሁልጊዜ የሚነግረን ተማሪው ምን እንደሚያውቅ አይደለም። አንዳንዴ የሚነግረን በየትኛው በር እንደገባ ብቻ ነው።

ሁለት ቡሽል ስንዴ

አሁን ወደ «ኤክስቴንሽን» እንምጣ። ጆን ሎዌል የሚባል የቦስተን ባለጠጋ በ1836 ቦምቤይ ውስጥ ሞተ። ሚስቱና ልጆቹ ቀድመውት አልፈዋል። በኑዛዜው ከሀብቱ ግማሹን ለቦስተን ሕዝብ ነፃ ትምህርታዊ ንግግሮች እንዲውል ተወው። ጠለቅ ላሉት ኮርሶች ተማሪው ጥቂት ሊከፍል ይችላል፤ ነገር ግን ክፍያው ከሁለት ቡሽል ስንዴ ዋጋ እንዳይበልጥ ብሎ አሰረው። ሁለት ቡሽል ስንዴ በኛ ልክ ግማሽ ኩንታል ያህል ነው። የዛሬ ወላጅ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በግማሽ ኩንታል ስንዴ ቢባል ምን እንደሚል ለናንተ እንተወዋለን።

ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደው ኤ. ሎውረንስ ሎዌል በ1909 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆነ። የኑዛዜው ተቋም አደራም በእጁ ነበር። በ1910 ሁለቱን አገናኝቶ የሃርቫርድን ኤክስቴንሽን አቋቋመ፦ የቀኑ ፕሮፌሰሮች ማታ ማታ ለመምህራን፣ ለጸሐፊዎች፣ ለሱቅ ሠራተኞች እንዲያስተምሩ፤ ወንድ ሴት ሳይል፣ የመግቢያ ፈተና ሳይኖር።

በጎ ነገር ነው። ግን ማታ የሚማሩት ሰዎች ጨርሰው ሲመረቁ ምን ይሰጣቸው? የቀኑን ቢ.ኤ. ነው እንዳይባል ያ የሃርቫርድ ኮሌጅ ልጆች ነው። ስለዚህ አዲስ ስም ተፈለገ፦ «አሶሺዬት ኢን አርትስ»። የሚጠይቀው ሥራ ከቀኑ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነበር፤ ስሙ ብቻ ይለያል። ዓመታት አለፉ። በአሜሪካ የሁለት ዓመት ኮሌጆች በዙና እነሱም ለሁለት ዓመት ትምህርታቸው «አሶሺዬት» የሚለውን ስም ወሰዱት። የሃርቫርድ የማታ ተመራቂ አሁን ሙሉ ዲግሪ ይዞ የግማሽ ዲግሪ ስም ተሸከመ። በ1933 ስሙ ተቀየረ፦ «አድጀንክት ኢን አርትስ»። ይህን ስም ሰምቶ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ቀጣሪ ስንት ይሆን? በ1960 እንደገና ተቀየረ፦ አሁን «ባችለር» የምትለዋ ቃል መጣች፤ ነገር ግን ከኋላዋ ጭራ አስከትላ ነው፦ «ኢን ኤክስቴንሽን ስተዲስ»። የኤክስቴንሽን ጥናት መሆኑ ነው።

እስቲ ይህን ጭራ እንየው። ታሪክ የተማረ ሰው የታሪክ ዲግሪ አለው እንላለን፤ ኢኮኖሚክስ የተማረ የኢኮኖሚክስ። የሃርቫርዱ «ኤክስቴንሽን» ግን የትምህርት ዓይነት አይደለም። ማታ አምስት ስድስት ዓመት ተቀምጦ ታሪክ ያጠና ሰው «ምን ተማርክ?» ሲባል «ማታ ተማርኩ» ብሎ እንዲመልስ የተደረገ ያህል ነው። ተማሪዎቹና ተመራቂዎቹ ለአሥርተ ዓመታት «ይቺን ጭራ ቁረጡልን» እያሉ ሲሟገቱ መኖራቸው አያስደንቅም። በተለይ በ2010ሮቹ ክርክሩ በርትቶ ነበር።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ማታ በሩን የከፈተው ያው ሎዌል ቀን በሩን የሚያጠብ ሰው ነበር። በ1922 የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በኮታ እንዲገደብ ሐሳብ አቅርቧል። ጥቁር ተማሪዎችም ከአንደኛ ዓመት ማደሪያዎች እንዲወጡ አድርጓል። ደግ ነበር ወይስ ክፉ? እኛ የሚመስለን ሁለቱ ሥራዎቹ የተቃረኑ አልነበሩም። የጓሮ በር መክፈት አንዳንዴ የፊት በሩን ዘግቶ ለመቆየት ይጠቅማል። «ግቡ አልከለከልንም፤ በዚያ በኩል ግቡ» ማለት ነው።

በዚያ በኩል የገቡት ግን ገቡ። በ1997 አንዲት የ89 ዓመት አዛውንት ከሃርቫርድ ኤክስቴንሽን ባችለራቸውን ተቀበሉ። በልጅነታቸው ከሰባተኛ ክፍል አቋርጠው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገቡ፣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከሰባ ዓመታቸው በኋላ የሆኑ ሴት ናቸው። እሳቸውን «ቀን ነው ማታ?» ብሎ የሚጠይቅ ድፍረት ያለው ካለ እጁን ያውጣ።

አንዲት ፊደል

ስሙ ረጅም መሆን የለበትም፤ አንዲት ፊደልም ትበቃለች። አይዛክ አሲሞቭን ሳይንስ ፊክሽን የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። በ1920 ሩሲያ ውስጥ የተወለደ፣ ብሩክሊን ያደገ፣ አባቱ ከረሜላና ጋዜጣ የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ እየረዳ የተማረ ልጅ ነው። በ1935 ኮሎምቢያ ኮሌጅ ለመግባት አመለከተ። «ወደ ሴት ሎው ሂድ» ተባለ። ሴት ሎው የሚባለው ብሩክሊን ውስጥ የነበረ የኮሎምቢያ ጁኒየር ኮሌጅ ነው፤ ተማሪዎቹ በብዛት የአይሁድ ልጆች ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ያ ኮሌጅ ተዘጋና አሲሞቭ ወደ ዋናው ግቢ ተዛወረ። አንድ ግቢ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ ፈተና። ነገር ግን የኮሎምቢያ ኮሌጅ ተማሪ አልተባለም፤ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ» የሚል ሌላ መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1939 ሲመረቅ አብረውት የተማሩት የኮሌጁ ልጆች ቢ.ኤ. ያዙ፤ እሱ ቢ.ኤስ. ያዘ።

ለኬሚስትሪ ተማሪ ቢ.ኤስ. ምን ይጎድለዋል ትሉ ይሆናል። ምንም። የሚያመው ምክንያቱ ነው። ቢ.ኤ. ለኮሌጁ ልጆች የተጠበቀ እንደነበር እሱ ያውቃል፤ ሰጪዎቹም ያውቃሉ። አሲሞቭ ከዚያ በኋላ እዚያው ኮሎምቢያ ዶክትሬቱን በ1948 ያዘ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ጻፈ፤ ይህቺን ነገር ግን ረስቷት አልሞተም። የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሁለተኛ ዜጋ እንደተደረገ አድርጎ አንሥቷታል። ኮሎምቢያም ቆይቶ ለአዋቂ ተማሪዎች ያቋቋመው ትምህርት ቤት በ1947 ተከፍቶ ቢ.ኤ. መስጠት የቻለው በ1968 ነው። አንዲት ፊደል ለመቀየር ሃያ አንድ ዓመት!

ከኮልፌ እስከ ሮበን ደሴት

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በጉባኤ ላይ መናገሩን፣ ቆይቶም ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን ሁላችንም እንተርካለን። ትምህርቱን ግን እንዴት እንደጨረሰ ብዙ አናወራም። ፎርት ሄር ኮሌጅ ገብቶ በ1940 በተማሪዎች ተቃውሞ ሰበብ ወጣ። ጆሃንስበርግ ሄዶ የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ሆነ፤ ቀን ይሠራል፣ ማታ በሻማ ያጠናል። ፈተናዎቹን በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ እኛ ዩኒሳ በምንለው፣ በኩል ጨረሰና በ1943 ቢ.ኤ.ውን ያዘ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ራሱ መነሻው በ1873 በለንደን አምሳል የተቋቋመ ፈታኝ ተቋም ነው። የለንደን ጥላ እዚህም አለ።

ከኮልፌ ተመልሶ በነሐሴ 1962 ሲያዝ ሕጉን ገና አልጨረሰም ነበር። እስር ቤት ሆኖ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የውጭ የሕግ ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ። በሪቮኒያ ችሎት የሞት ፍርድ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ሰሞን እንኳ የለንደንን ፈተና ወረቀቶች ይጽፍ ነበር። የለንደኑ አልተሳካለትም፤ የሕግ ዲግሪውን ያገኘው በ1989 ከዩኒሳ ነው፤ ያኔም እስረኛ ነው። እንግዲህ «የርቀት ነው እንዴ?» ብሎ አፍንጫውን የሚነፋ ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲያችን ከሚያስተምሩት መካከል ዶክትሬታቸውን በርቀት ከዩኒሳ የያዙ ብዙ ናቸው፤ ስሙንም ሳያፍሩ ይጽፉታል።

ዩኒሳ የሚለውን ስም ለመጻፍ ለምን አያፍሩም? ምክንያቱ ቀላል ይመስለናል። በዘመናችን ዩኒሳን የሚያውቀው ሰው በርቀት አስተማሪነቱ ያውቀዋል። ጓሮውን የሚያሳፍር የፊት በር የለውም። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው፤ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ተማሪው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ የሚማር ነበር። ያዙልን ያልናችሁ ነገር ይህ ነው፦ «ውጭ» የሚባለው ስም የሚያሳፍረው «ውስጥ» የሚባል ሰው ጎን ሲቆም ብቻ ነው። እንግዲያው ነውሩ ትምህርቱ ውስጥ የለም፤ ያለው በሁለቱ በሮች መካከል ነው።

እንግዲህ ምን ብለን እንጻፍ?

ታሪክ ሲቪ አይሞላም ካላችሁ፣ ይሞላል። ከላይ ካየናቸው ሰዎች የተማርነው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ዲግሪውን በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ ጻፉት። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ወረቀቱ «ባችለር ኦፍ ሊበራል አርትስ» ካለ «ባችለር ኦፍ አርትስ» ብላችሁ አታሳጥሩት። የመርከቧ እመቤቶች ዲግሪ ደብሊን ነበር፤ ደብሊን ነው። ስሙ ትክክል አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ የሚቀየረው በሙግት ነው፤ የሃርቫርድ ማታ ተመራቂዎች ዲግሪ ስሙ የተቀያየረው ተቋሙ ሲቀይረው እንጂ እያንዳንዱ ሰው በሲቪው ላይ ስለቀየረው አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሰጣችሁን ዩኒቨርሲቲ ስም ለመጻፍ አትፍሩ፤ ያልተማራችሁበትን ክፍል ስም ግን አትውሰዱ። በሃርቫርድ ኤክስቴንሽን የተመረቀ ሰው ዲግሪው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህን ቢጽፍ አልዋሸም። «ሃርቫርድ ኮሌጅ» ብሎ ቢጽፍ ግን ዋሽቷል፤ ያ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ ሰው ከሥራ የሚባረረው ግን በእንደዚህ ያለች ቃል ነው። በቅርብ ዓመታት በአገራችን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ሲበረታ አይተናል። በሐሰተኛ ወረቀት የተነሣ እውነተኛው ሁሉ በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን፣ ላቡን አፍስሶ የተማረ ሰው ስለ አንዲት ቃል ብሎ ከሐሰተኞቹ ጎን መቆም የለበትም።

ሦስተኛ፣ የተማራችሁትን ጻፉ። ታሪክ ከሆነ ታሪክ፣ አካውንቲንግ ከሆነ አካውንቲንግ። ቀጣሪው ማወቅ ያለበት እሱን ነው።

አራተኛ፣ የሁለት ሳምንት ኮርስ ዲግሪ አይደለም። ይህንን ማንሣት አልፈለግንም ነበር፤ ግን አንድ ሳምንት ኦንላይን ቆይቶ «የሃርቫርድ ምሩቅ» የሚባል ሰው ሲበዛ ዝም ማለት አልቻልንም። ሰርተፊኬት በሰርተፊኬት ርዕስ ሥር ይግባ። እንዲህ ያለው ሰው የሚጎዳው ሃርቫርድን አይደለም፤ አምስት ዓመት ማታ የተማረውን ሰው ነው።

አምስተኛ፣ የዲግሪው ወረቀት ቀን ማታ ካላለ፣ ሲቪያችሁ ላይ ማታ ብላችሁ የመጻፍ ግዴታ የለባችሁም። የቀን ተማሪ «በቀን የተማርኩ» ብሎ ሲጽፍ አይታችኋል? ከተጠየቃችሁ ግን ሳትንተባተቡ መልሱ፤ ስቱደንት ኮፒያችሁም ይናገራልና። ደግሞም ዓመታቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ሥራ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ትምህርት፤ ሁለቱ እላይ በላይ ከሆኑ አስተዋይ ቀጣሪ ይገባዋል። ይህ ሰው ለአምስት ዓመት እንቅልፉን የት እንዳስቀመጠው ለመገመት ምሩቅ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ይህንን ሁሉ አንብበን በማግሥቱ ማለዳ፣ ማመልከቻው ሳያልፍ ደወልንለትና «ኦሪጅናል ዲግሪህን አውጥተህ አንብብልን፤ ቃል በቃል» አልነው። ከቁም ሳጥን ውስጥ ሲፈልግ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ በስልክ ይሰማናል። ማንበብ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የእሱ ስም፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ቀኑ፣ ፊርማው። ከዚያ ዝም አለ።

«ምነው?» አልነው።

«የለም» አለን።

«ምኑ?»

«ኤክስቴንሽን የሚል ነገር የለም እኮ!»

ከተመረቀ አራት ዓመቱ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶበት፣ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮፒውን ሲያስገባ ኖሯል። ሲቪው ላይ ያቺን ቃል የጻፋት ዩኒቨርሲቲው አልነበረም። ራሱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየዘመዱ ቤት «ሬጉላር ነህ ኤክስቴንሽን?» ሲባል ሲባል የትምህርቱ ስም መስሎት ቀርቷል።

ሲቪውን በዚያው ጠዋት ላከው። ቃሏ አልነበረችበትም። የሥራና የትምህርት ዓመታቱ ግን ጎን ለጎን ነበሩበት። ኢንተርቪው ላይ ከጠየቁት ምን እንደሚል ተስማምተናል፦ «አዎ፣ በማታ። ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ።»